ከእህቷ በርሜል የወጣችው ቢንቢ

በጤና ቢሮው ግቢ፣ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራውን ሴት ሁሉም ሰው «ቆጣሪ» ይላታል። ሥራዋ ቢንቢ መቁጠር ነው። መቁጠር ብቻም አይደለም። ከየሰፈሩ የተያዘችውን ቢንቢ በወረንጦ ይዛ ማይክሮስኮፕ ሥር ታጋድማትና ክንፏን፣ እግሯን፣ ጀርባዋን አገላብጣ አይታ ከእነማን ዘር እንደሆነች ትናገራለች። ስሙ ግን ጣጣ አለው። ሰው ቤት ስትሄድ የቢሮው ሹፌር ቀድሞ «ቆጣሪ መጥታለች» ካለ፣ ባለቤቶቹ የውሃ ቆጣሪ ልታነብ የመጣች ይመስላቸውና ስለጠፋው ውሃ የሆዳቸውን ይዘረግፉባታል። እሷም አታቋርጣቸውም። ሲጨርሱ «እኔ እንኳ የቢንቢ ነኝ» ትላለች።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው። በሥራ ቦታም እንደዚያው ነው። አብሯት የሚሠራ አንድ ባለሙያ ነበር፤ ካቻምና ተዛውሮ ሄደ፤ በእሱ ቦታ ሰው አልተተካም። ወንበሩ ላይ ሹራቧን ታኖራለች።

ከሳምንቱ ቀናት የምትጠብቀው ሐሙስን ነው። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የሦስት አገር ሰዎች በኮምፒውተር ይገናኛሉ። በባሕርና በአየር ተጭነው ከአገር አገር የሚሻገሩ ቢንቢዎችን፣ ይዘውት የሚመጡትንም አዲስ በሽታ ሳይዛመት ለመያዝ ሦስቱ ላቦራቶሪዎች አብረው መሥራት ከጀመሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ከአንዱ አገር ዋና ተመራማሪዋ አለች፤ ፈጣን፣ ሰዓቷን የምታይ ሴት። ከሌላው አገር ዘረመል የሚመረምሩት አሉ። ከእነዚሁ የዘረመል መርማሪዎች አገር ደግሞ፣ በአንድ ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቢንቢ ሲለዩ የኖሩ ሽማግሌ አሉ። ቆጣሪ የለየችውን ሁሉ የሚያጸድቁላት እሳቸው ናቸው።

ከሽማግሌው ጋር በአካል ተያይተው አያውቁም። የሚያወሩበት ቋንቋም የሁለቱም አፍ መፍቻ አልነበረም፤ ለሁለቱም የእንጀራ እናት ነበር። ቢሆንም ስለ ቢንቢ ከሆነ ይግባባሉ። እሳቸው «ባልደረባዬ» ይሏታል። ከሰው ሁሉ እንዲህ የሚሏት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ክረምቱ ባባራ በሁለተኛው ሳምንት የፕሮጀክቱ አስተባባሪ የሰፈሮች ዝርዝር ይዞላት መጣ።

«ታችኛው ሰፈር፣ ሠላሳ ቤት፤» አላት። «ነገ ትጀምሪያለሽ።»

ዝርዝሩን ወደ ታች አነበበች። ስድስተኛው ቤት የታላቅ እህቷ ነበር።

«እዚህ ሰፈር ሌላ ሰው ቢሄድስ?»

አስተባባሪው ባዶውን ወንበር አየት አደረገና «ሹራብሽን ልላከው?» አለ። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ክፋት የለውም።

እሷና እህቷ ሆድና ጀርባ ከሆኑ አራት ዓመት አልፏል። እናታቸው በታመሙበት ሰሞን ቆጣሪ ስልክ የማይደርስበት ቆላ ወርዳ፣ ለሦስት ሳምንት ቢንቢ ስትሰበስብ ነበር። ስትመለስ እናቷ ተቀብረዋል። ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ ለቅሶ ቤት ስትደርስ እህቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ቢንቢዎችሽ ደህና ናቸው?»

ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

በማግስቱ አምስቱን ቤት ጨርሳ ስድስተኛው በር ላይ ደረሰች። ሹፌሩ አንኳኳ። እህቷ ከፈተች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እንደ እናታቸው ከግንባሯ ነው የጀመራት። ታናሽዋን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻትና፦

«ምን ፈለጉ?» አለች።

በአንድ አንሶላ አብራት ተጠቅልላ ያደገችውን እህቷን አንቱ አለቻት። ስድብ ቢሆን ይቀል ነበር።

ሹፌሩ የመጡበትን አስረዳ። «ይግቡ» አለች እህቷ፣ «ውሃዬን ብቻ እንዳያደፈርሱብኝ።»

በርሜሉ ከቤቱ ጀርባ ነው። የተከደነበት ቆርቆሮ አፉን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም። ቆጣሪ ባለ ረጅም እጀታውን ነጭ ጭልፋ አጥልቃ ቀዳች። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ውስጡ ግን አሥራ አንድ እጮች ይጥመለመሉ ነበር። በብልቃጥ ከተተቻቸውና ወደ እህቷ ዞረች።

«ይኼ ውሃ መደፋት አለበት።»

«ደፍተው ሊሞሉልኝ ነው? ውሃ የመጣው በአሥራ ሁለት ቀኑ ነው። በዚህ ወገቤ በጀሪካን ተሸክሜ ነው የሞላሁት።»

ቆጣሪ ቅጹን አወጣች። «ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?»

«አንድ።»

ብዕሯ ቆመ። የእህቷ ልጅ ከቤት መውጣቱን አልሰማችም ነበር። «ልጅሽስ?» አለች ሳታስበው።

«እሱ ጥያቄ ቅጹ ላይ አለ?»

የለም። «አንድ» ብላ ጽፋ ወጣች።

እጮቹን ክፍሏ ውስጥ በሰፊ ሳህን አኑራ፣ በመረብ ሸፍና አሳደገቻቸው። በዘጠነኛው ቀን ክንፍ አወጡ። የመጀመሪያዋን አደንዝዛ ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጋት፣ በአገሩ ቢንቢዎች ዝርዝር ላይ ካሉት ከየትኞቹም ጋር አልገጠመችም። አገር ምድሩ የሚያውቃት ጥቁር የቤት ቢንቢ ጀርባዋ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጡ ሁለት ነጭ መስመሮች አሏት። ይህቺ ግን አንድ ብቻ ነው ያላት፤ በመሐል ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። ሁለተኛዋን አየች። ሦስተኛዋን አየች። ተነሥታ እጇን ታጠበችና ተመልሳ እንደገና አየች።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ ለአንድ ሰው «ነይማ እዪልኝ» ማለት ያምራል። ኮሪደሩ ላይ ወጣ ብላ ግራና ቀኝ አየች። የጋራዡ ሰዎች ጎማ ያንከባልላሉ። ተመልሳ ገባች።

ሐሙስ ዕለት ለሁሉም ነገረቻቸው።

«ከሌላ ናሙና ጋር ተቀላቅሎብሽ እንዳይሆን?» አለች ዋና ተመራማሪዋ።

«እዚህ ክፍል ከእኔ በቀር የሚያቀላቅል ሰው የለም።»

ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ሳዪልኝ» አሉ። «እንደ ሁልጊዜው በትልቁ፣ በጥቁር ቀለም።»

ሁልጊዜ ከፎቶግራፍ ይልቅ ሥዕል ነው የሚጠይቋት። የድሮ ሰው ስለሆኑ ነው ብላ ታስብ ነበር። በዚያው ሰዓት ሙሉ ወረቀት የሚያህል አድርጋ ሥላ ላከችላቸው።

«መስመሩ የሚጀምረው ከየት ነው?»

«ከጭንቅላቷ። ሳይቆረጥ ነው የሚወርደው።»

«እንግዲያው እንግዳ መጥታብሻለች፣ ባልደረባዬ።»

ዋና ተመራማሪዋ ግን በሥዕል ብቻ አዋጅ አይታወጅም አለች። ቢንቢዎቹ ደርቀው ይላኩ፤ ዘረመላቸው ይመርመር፤ እስከዚያ ለሕዝብ አይነገር። ልክ ነበረች። ይሁን እንጂ የመላኪያው ፈቃድ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አስተባባሪው ከስብሰባው በኋላ በሩ ላይ ቆሞ «እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ» አላት። «አንዴ ሰው ከተደናገጠ የሚመልሰው የለም።»

ሁለት ቀን ቻለችው። ይህቺ ዘር የምትነድፈው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ አጎበር አያግዳትም፤ በሌሎች አገሮችም መገጣጠሚያ የሚሰብር ትኩሳት ተሸክማ ገብታለች። ቆጣሪ ይህን እያወቀች እህቷ ከዚያ በርሜል ጎን ልብስ ስታጥብ ይታያታል። ቅዳሜ ጠዋት፣ በእረፍት ቀኗ፣ ሳሳ ያለ ነጭ ጨርቅና ላስቲክ ገዝታ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደች።

አንኳኳች። መልስ የለም። ከጎን ያለችው ጎረቤት ብቅ አለች።

«እህቷ አይደለሽም? መልካችሁ አንድ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሣችም፤ እኔው ነኝ ውሃ የማቀምሳት።»

እህቷ ከነልብሷ አልጋው ላይ ተጠቅልላ ነበር። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ዓይኗን ስታንቀሳቅስ እንኳ ታቃስታለች። ጉልበቷን፣ አንጓዋን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ የሰበሯት ይመስል አይነኩም። ቆጣሪ ደግፋ አወጣቻትና በታክሲ ክሊኒክ ወሰደቻት። ወባ የለባትም አሏት፤ ጉንፋን ነው፣ ትረፍ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አለቻት ለነርሷ። ፕሮጀክቱ ለእንዲህ ያለ ቀን ያዘጋጀው፣ ደም የሚደርቅበት ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የፈቃድ ቅጹን ለእህቷ አነበበችላት።

እህቷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። «ለቢንቢሽ ነው?»

«ለአንቺ ነው፣ እታለም።»

«እሺ። ያው ነው።» ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች። አንቱታው መቅረቱን ቆጣሪ ያስተዋለችው ታክሲው ውስጥ ነው። ትኩሳቱ ይሁን ልቧ ያስጣላት አታውቅም፤ አልጠየቀችም።

ከአስተባባሪው ፈቃድ ወስዳ አምስት ቀን አስታመመቻት። ብዙ አላወሩም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ በረድ ሲልላት እህቷ ግድግዳውን እያየች ጀመረች።

«እማማ እስከ መጨረሻዋ የጠራችው ያንቺን ስም ነው። እኔ ነኝ የማገላብጣት፣ እኔ ነኝ ገላዋን የማጥበው፤ እሷ ግን እጄን ይዛ በስምሽ ትጠራኛለች። እኔ አይደለሁም ስላት እንኳ አትሰማም። መጨረሻ ላይ አቤት አልኳት።»

ቆጣሪ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች። «ባውቅ ኖሮ—»

«ባታውቂ ይሻላል። አንቺን ነው የተቆጣሁት ብል ውሸት ነው። በማን እንደተቆጣሁ ግራ ገብቶኝ አንቺ በሩ ላይ ደረስሽ።»

ቆጣሪ ማልቀስ ፈለገች፤ አልመጣላትም። ወጥታ በርሜሉን ጀመረች። ውሃውን አልደፋችውም። በነጩ ጨርቅ እያጠለለች በጀሪካንና በባልዲ ሞላችው፤ እጮቹ ጨርቁ ላይ ቀሩ። እንቁላሎቹ የሚጣበቁት ከውሃው በላይ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ውስጡን በብሩሽ ፈገፈገችው። ከዚያ መልሳ ሞልታ አፉን በጨርቅና በላስቲክ ወጥራ አሰረችው። አንዲት ጠብታ አልባከነችም። ጎረቤቷ ከአጥር ባሻገር ስታይ ቆይታ «ለእኔም አሳዪኝ» አለች። እስከ ምሽት ድረስ ስድስት ቤት ተዳረሰ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቢሮ ገባ።

«ትንፍሽ እንዳትዪ አላልኩሽም?» አለ አስተባባሪው።

«አልተነፈስኩም። በጨርቅ አጠለልኩ እንጂ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዘጋው። የዚያኑ ቀን የመላኪያውን ወረቀት ራሱ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሮጠ። በሳምንቱ መጨረሻ ቢንቢዎቹና ደም የደረቀበት ወረቀት በአንድ ሣጥን ሄዱ።

ሣጥኑ ከሄደ በኋላ ባለው ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌው በስልክ ደወሉላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ለብቻዋ ደውለውላት አያውቁም።

«ሣጥኑ ደርሷል» አሉ። «ነገ ምን አዩ ብለው ይጠይቁኛል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ዓይኔ ጠፍቷል።»

«መቼ?»

«ቀስ በቀስ ነው። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ጉም ብቻ ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ያንቺን ሥዕል ግን መስኮት ዳር አስጠግቼ፣ በወፍራሙ ስለምትሥዪው፣ አየዋለሁ። በእሱ ነው የማጸድቀው።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬን ያየልኝ ማን ነው?»

«አንቺው።»

ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ተጣርቶ፣ ከማዶ ሰው የመለሰለት መስሎት ደስ እንዳለው መንገደኛ ሆነች። ለካ የገዛ ድምፅዋ ነው። ሐሙስ ሐሙስ «ትክክል ነሽ» ሲሏት ኮምፒውተሩን ዘግታ ፈገግ የምትለው ሁሉ ታወሳት።

«ልጠይቅሽ» አሉ ሽማግሌው። «ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሱን የሚነግሩኝ እርስዎ አልነበሩም?»

ከዚያ ሲስቁ ሰማች፤ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«ለምን ቀደም ብለው አልተናገሩም?»

«ከተናገርኩ ሐሙስ ይቀርብኛል።»

ይህን ልትቆጣበት አልቻለችም። የተናገረችው ግን ጠንከር ያለ ነበር። «ነገ ይንገሯቸው። እርስዎ ካልነገሩ እኔ እነግራቸዋለሁ። የሰው ሕይወት ነው።»

«አውቃለሁ። ደፍሬ እንድናገር የምታስገድደኝ ሰው ፈልጌ ነው የደወልኩት።»

ሐሙስ ነገሯቸው። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ታች አደረጉ፤ ዋና ተመራማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቷን አላየችም። ከዚያ የሚሠራው ተሠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጸደቁት አራት መቶ አሥራ ሁለት ናሙናዎች ከየመሳቢያቸው ወጥተው በሌሎች ሰዎች እንደገና ታዩ። ቆጣሪ ያን ሰሞን እንቅልፍም አልወሰዳት፣ ምግብም አልበላላት። ውጤቱ ሲመጣ በሦስቱ ተሳስታለች። ሦስቱም አንድ ዓይነት ስሕተት ነበር፤ እግራቸው የተሰበረ ቢንቢዎች ናቸው። ዋና ተመራማሪዋ «ከእኛ ከማናችንም ትበልጫለሽ» አለቻት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታውን ለማን እንደምትነግረው ስታስብ ቀዘቀዘባት።

የዘረመሉም መልስ መጣ። ባለ አንድ መስመሯ ቢንቢ እንግዳዋ ዘር ናት። ወረቀቱ ላይ በደረቀው የእህቷ ደም ውስጥም በአገሩ ተገኝቶ የማያውቅ የትኩሳት ቫይረስ ተገኘ። አሁን አዋጁ ታወጀ። በታችኛው ሰፈር ሰባ ሦስት ሰው ታመመ፤ ሁለት አዛውንቶች ሞቱ። የቢሮው ሠራተኞች ሁሉ ጨርቅ፣ ላስቲክና ብሩሽ ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ። ሥራው ከብዶ የነበረው «ውሃችሁን ድፉ» ሲባል ነበር፤ «አጥልሉት» ሲባል ሰው እሺ አለ። በላይኛው ሰፈር የታመመው አራት ሰው ብቻ ነው።

እህቷ ተነሣች፤ ጉልበቷ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጀሪካን መሸከም ቀረ። ቆጣሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ውሃ ትሞላላታለች፤ አብረው ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ እህቷ የጎረቤት ሐሜት ታወራለች፤ ቆጣሪ ትሰማለች። «እኔ ቤት ነይ፣ አብረን እንኑር» ስትላት፣ የአስተባባሪውን ቀልድ ከእሷው የሰማችው እህቷ «አንቺ ቤት ገብቼ ሹራብሽን ልጠብቅ?» ብላ ሳቀችባት። እንዲህ ስድስት ቅዳሜ አለፈ። በሰባተኛው ሳምንት ልጇ ከሚሠራበት ከተማ መጥቶ ይዟት ሄደ። በልጇ ቤት ቧንቧ ውስጥ ድረስ አለ፤ ደረጃ የለውም፤ የሚያስከፋ ነገር የለበትም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘቻቸው። እህቷ የተቀመጠችው በወዲያኛው መስኮት በኩል ስለነበረ፣ አውቶቡሱ ሲነሣ ቆጣሪ የታያት ትከሻዋ ብቻ ነው። ለትከሻዋ እጇን አውለበለበች።

ሽማግሌው ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ቦታ ጎበዝ፣ ትሑት ሴት ተተካች፤ ፎቶግራፉን ራሷ አጉልታ ታየዋለች፤ ሥዕል አትጠይቅም። ስብሰባው አሁን በሃያ ደቂቃ ያልቃል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቆጣሪ በረንዳዋ ላይ ሆና ልብስ ስታጥብ ስልኳ ጮኸ። ሽማግሌው ነበሩ።

«ደህና ነሽ፣ ባልደረባዬ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ?»

«ደህና።»

ያ የተዋሱት ቋንቋ ለክንፍ፣ ለእግር፣ ለመስመር፣ ለእንቁላል የሚበቃ ቃል ነበረው። ለሌላው ነገር ግን ቃል አልተማሩበትም። ስለ እህቷ መሄድ ልትነግራቸው ፈልጋ «ሄደች» ከሚለው በላይ አላገኘችም።

«ማን?»

«እህቴ።»

«አ» አሉ። ቀጥሎ ምን እንደሚባል እሳቸውም የጠፋባቸው ይመስላል። «አሁን ምን እየሠራሽ ነው?»

«ልብስ አጥባለሁ።»

«ምን ዓይነት ልብስ?»

ባልዲው ውስጥ አየች። «አንሶላ። አንድ ሰማያዊ ቀሚስ። ካልሲ።»

«ሰማያዊ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው። «ቀጥዪ፣ እጠቢ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ስልኩን ሳትዘጋ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችውና ወደ ባልዲው ተመለሰች።